አውራ ጎዳና በሠፈር መካከል ሲያልፍ፦ ከሮንዶ እስከ ፒያሳ

ከኮሎምቢያ ሃይትስ ተነሥቶ በሴንትራል ጎዳና ወደ ሚኒያፖሊስ መሐል ከተማ የሚወርድ መንገደኛ፣ ጥቂት ማይል እንደ ተጓዘ አንድ ያልተሠራ አውራ ጎዳና ያቋርጣል። ምልክት ስለሌለው ማንም አያስተውለውም። ቁጥሩ 335 ነበር። ከ35 ደብሊው ተገንጥሎ፣ ሰሜን ምሥራቅ ሚኒያፖሊስን ሰንጥቆ፣ ሚሲሲፒን በአዲስ ድልድይ ተሻግሮ፣ በወንዙ ምዕራባዊ ዳርቻ ከ94 ቁጥር ጋር እንዲገናኝ የታቀደ፣ ርዝመቱ ሦስት ማይል እንኳ የማይሞላ መንገድ ነው። በመሥመሩ ላይ የነበሩ ቤቶች ተገዝተው ፈርሰዋል። ከዚያ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1978 ዕቅዱ ተሰረዘ፤ በተጠረገውም መሬት ላይ ውሎ አድሮ እንደገና መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። በአንጻሩ በጎረቤቷ በሴንት ፖል፣ ሮንዶ ይባል የነበረው የጥቁሮች ሠፈር ለ94 ቁጥር አውራ ጎዳና ተሰንጥቆ እስከ ዛሬ እንደ ተሰነጠቀ ነው።

ግዛቱ አንድ፣ መንገዱን የሚያሠራው መሥሪያ ቤት አንድ፣ ገንዘቡም የሚመጣው ከአንድ ካዝና ነው። ታዲያ አንዱ ተሠርቶ ሌላው የቀረበት ምክንያት ምንድን ነው? ጥያቄው ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ማን መቼ ተጠየቀ፣ ማንስ መቼ ተናገረ የሚል የአስተዳደር ጥያቄ እንደ ሆነ ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ጉዳዩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። በሁለቱ ከተሞች ከሚኖረው ወገናችን ብዙው ቤቱንም ንግዱንም የመሠረተው በእነዚህ ጎዳናዎች ዳር ነው፤ አገር ቤት ደግሞ የአዲስ አበባ ነባር ሠፈሮች በመንገድና በኮሪደር ልማት ስም ሲነሡ በዓይናችን አይተናል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ 1956 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ፕሬዚደንት አይዘንሃወር የፈረሙት የአውራ ጎዳና ሕግ 41,000 ማይል መንገድ እንዲሠራ ሲያዝ፣ ከወጪው 90 በመቶውን ፌዴራሉ መንግሥት፣ 10 በመቶውን ግዛቱ እንዲሸፍን ደነገገ። ገንዘቡ በዋነኛነት ከነዳጅ ከሚሰበሰብ ቀረጥ ይመጣ ነበር። የዚህ አከፋፈል ውጤት ከመንገዱ ርዝመት የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። አንድ ከንቲባ የሠፈሩን የውስጥ መንገድ ላሳድስ ቢል የከተማውን ኪስ ይዳብሳል፤ ፈጣኑን መንገድ በከተማው መካከል ላሳልፍ ቢል ግን ከመቶው ዘጠናው ከዋሺንግተን ይመጣለታል። እንዲህ ባለ ገበያ «አልፈልግም» የሚል ከንቲባ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ መንገዱ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ጥያቄ ገና ሳይነሣ፣ በየት ይለፍ የሚለው ብቻ ለውይይት ቀረበ።

በየት ይለፍ ለሚለው መልስ የሚሰጡት መሐንዲሶች ሁለት ነገር ይቆጥራሉ፦ የተሽከርካሪውን ብዛትና የመሬቱን ዋጋ። መሬት የሚረክሰው የት ነው? ጥቁሮች ከሌላው ሠፈር ቤት እንዳይገዙ በርስት ውል ላይ በተጻፈ ክልከላና ባንኮች ብድር በመንፈጋቸው ተገደው በተሰበሰቡበት ሠፈር ነው። በአድልዎ የወረደው ዋጋ በመዝገቡ ላይ «ቁጠባ» ተብሎ ተመዘገበ። ይህን ያደረጉት ሁሉ ክፉ ሰዎች ነበሩ ለማለት አይደለም። አብዛኞቹ የተሰጣቸውን ሒሳብ በቅንነት የሠሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ሒሳቡ ራሱ ግን አስቀድሞ ያዘመመ ነበር።

በሮንዶ የሆነውም ይኸው ነው። የሴንት ፖል የፕላን መሐንዲስ የነበሩት ጆርጅ ሄሮልድ፣ መንገዱ በሴንት አንቶኒ ጎዳና ላይ ተተክሎ ሠፈሩን ከሚሰነጥቅ፣ በስተሰሜን የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ፣ ሰው በብዛት በማይኖርበት ቦታ እንዲያልፍ አማራጭ አቅርበው ነበር። «የሰሜኑ መሥመር» ተብሎ የሚታወቀው ይህ ሐሳብ ተቀባይነት አላገኘም። በ1956 የቤቶቹ መፍረስ ተጀመረ፤ በ1968 መንገዱ የሁለቱን ከተሞች መሐል አገናኘ። ከሴንት ፖል ጥቁር ነዋሪዎች ከስምንቱ አንዱ ቤቱን አጣ። የቤት ባለቤት ለቤቱ የገበያ ዋጋ ተብሎ የተገመተለትን ተቀበለ፤ ተከራይ ግን ይህ ነው የሚባል የሚጠይቀው መብት አልነበረውም። ገንዘብ የያዘውም ቢሆን ያ የርስት ውልና ያ የባንክ ክልከላ በሌላው ሠፈር በር ላይ ይጠብቀው ነበር።

ሮንዶዎች ዝም አላሉም። ቄስ ፍሎይድ ማሲና ቲሞቲ ሃዋርድ የመሩት የነዋሪዎች ማኅበር ከባለሥልጣናቱ ጋር ሲከራከር ከረመ፤ ያገኘው ዋና ድል ግን መንገዱ በድልድይ ከቤቶቹ በላይ ከፍ ብሎ እንዳያልፍ፣ ይልቁንም መሬት ተቆፍሮ ዝቅ ብሎ እንዲያልፍ ማድረግ ነበር። ይህ ቀላል ድል አይደለም፤ ከፍ ብሎ ቢሠራ ኖሮ ጢሱና ጩኸቱ በቀሪው ሠፈር ጣራ ላይ ይወርድ ነበር። ነገር ግን ድሉ የተገኘው መሥመሩ ከተወሰነ በኋላ ስለ ነበር፣ የጉድጓዱን ጥልቀት እንጂ የመንገዱን ቦታ ሊለውጥ አልቻለም። በ2015 የሴንት ፖል ከንቲባ ክሪስ ኮልማንና የግዛቱ የትራንስፖርት ኮሚሽነር ቻርሊ ዜሊ በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ከመጀመሪያዎቹ ተፈናቃዮች ይህን ለመስማት የበቁት ጥቂቶች ናቸው።

ታዲያ 335ን ምን አዳነው? ሰሜን ምሥራቅ ሚኒያፖሊስ በአብዛኛው የፖላንድ፣ የዩክሬንና የሌሎች የምሥራቅ አውሮፓ ስደተኞች ልጆች የሚኖሩበት የሠራተኛ ሠፈር እንጂ የባለጸጎች ሠፈር አልነበረም። የተቃውሞው ጽናት የማይካድ ነው። ነገር ግን ከጽናቱ እኩል የሚመዘነው ጊዜው ነው። ሮንዶ በፈረሰበትና 335 በተሰረዘበት ዘመን መካከል ሕጉ ተለውጦ ነበር። ከ1966 ጀምሮ የሕዝብ መናፈሻና የታሪክ ቦታ የሚነካ መንገድ ሌላ አማራጭ እንደሌለው ማስረዳት ግዴታ ሆነ። በ1970 መጀመሪያ የጸናው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ፣ ፌዴራል ገንዘብ የሚገባበት ትልቅ ሥራ ሁሉ የሚያስከትለውን ጉዳትና ያሉትን አማራጮች አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያቀርብ አዘዘ። ለተፈናቃዮች፣ ተከራዮችንም ጨምሮ፣ የመዛወሪያ ድጋፍ የሚሰጠው ሕግ በ1971 በሥራ ላይ ዋለ። በመጨረሻም የ1973ቱ ሕግ አንድ ከተማና ግዛት አንዱን የከተማ ውስጥ አውራ ጎዳና ቢተው ገንዘቡን ለሕዝብ ማመላለሻ እንዲያውለው ፈቀደ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው። እስከዚያ ድረስ መንገዱን እምቢ ያለ ከንቲባ ገንዘቡንም አብሮ እምቢ ይል ነበርና።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሕጉ ለሁሉም እኩል ሠርቷል ማለት አይቻልም። የሴንት ፖልን 35 ኢ መመልከት ይበቃል። ይህ መንገድ ሰሚት ሂል ከሚባለው፣ ጠበቆችና ሐኪሞች ከሚኖሩበት ኮረብታ ሥር እንዲያልፍ ሲታቀድ፣ ነዋሪዎቹ በፍርድ ቤትም በምክር ቤትም ዓመታት የፈጀ ሙግት ገጠሙ። በ1990 ሲከፈት የፍጥነቱ ወሰን በሰዓት 45 ማይል፣ ከባድ የጭነት መኪና የተከለከለበት፣ ዛፍ የተተከለበት ጎዳና ሆነ። ዛሬም እንደዚያው ነው። ጭነት መኪናው ወዴት ሄደ? ወደ 94፣ ማለትም በቀድሞው ሮንዶ በኩል። አንዱ ሠፈር ያተረፈውን ጸጥታ ሌላው ሠፈር በጩኸት ከፈለው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እወዳለሁ። ውይይትና ጥናት ልማትን ያዘገያል የሚል ክርክር በአገራችንም በዚህም አገር ሁልጊዜ ይሰማል። በነሐሴ 1 ቀን 2007 (እ.ኤ.አ.) በሚኒያፖሊስ የ35 ደብሊው ድልድይ ተደርምሶ 13 ሰዎች ሲሞቱ፣ በቦታው የተተካው አዲስ ድልድይ በመስከረም 18 ቀን 2008፣ አሥራ አራት ወር ሳይሞላ ተከፈተ። ብረቱና ሲሚንቶው አያዘገይም። የሚያዘግየው የሰው ቤት በመሥመሩ ላይ ሲገኝ ነው፤ ያን ጊዜም መዘግየት ይገባዋል።

ከዚህ ተነሥተን ወደ አገራችን ስንመለከት፣ መሠረቱ ራሱ የተለየ ሆኖ እናገኘዋለን። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ስለዚህ ከተማው ለመንገድ ቦታ ሲፈልግ ለመሬቱ ዋጋ አይከፍልም፤ የሚከፍለው በላዩ ለተሠራው ብቻ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ ቤቱም የእርሱ አይደለም። በሚኒሶታ ያየነው ሒሳብ ለመሬት ቢያንስ ርካሽ ዋጋ ይመዘግብ ነበር፤ በእኛ ግን ያ ዓምድ ባዶ ነው። መሬት ምንም ካላስወጣ፣ መሥመሩን ወደ ሌላ ቦታ ለማዞር የሚያስገድድ የገንዘብ ምክንያት አይኖርም።

ሕጎቹ በሂደት አልተሻሻሉም ማለት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት በካሣው ላይ ይግባኝ የሚል ባለይዞታ አቤቱታው የሚሰማለት ቦታውን አስቀድሞ ማስረከቡን ሲያረጋግጥ ብቻ ነበር፤ ክርክሩ የሚጀመረው ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ነው ማለት ነው። ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ የሚከፈል ካሣ በስም አካቷል። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው፤ የሮንዶን ነዋሪ ያን ጊዜ እንዲህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ነገር ግን የዕድር ዋጋ እንዴት ይተመናል? ዕድር አባላቱ በአንድ ሠፈር በመኖራቸው የቆመ ማኅበር ነው። አባላቱ በተለያየ ዳርቻ ባሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲበተኑ፣ ድንኳኑና ሣጥኑ ይቀር እንደ ሆነ እንጂ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው አይቀርም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ፣ ብዙዎቹ ነዋሪዎች በአጭር ማስጠንቀቂያ ከተማው ዳር ወዳሉ ሕንጻዎች ተዛውረዋል። የምትክ ቤት ማግኘታቸው አንድ ነገር ነው፤ ከሮንዶ ተከራይ ይሻላሉ። መሥመሩ ሲሰመር ግን አልተጠየቁም።

ቋንቋችንም በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለም። «የልማት ተነሺ» የሚለው የመሥሪያ ቤት ቃል ሰውየው በገዛ ፈቃዱ ብድግ ብሎ የሄደ ያስመስለዋል፤ ያስነሣው አካል በቃሉ ውስጥ የለም። የሚኒሶታ መሐንዲሶችም በዘመናቸው ሮንዶን «የተጎሳቆለ ሠፈር» ብለው ነበር የሚጠሩት። ማን እንዳጎሳቆለው ግን አልጻፉም።

የመሥመሩ ውሳኔ እርሳስ ሳለ ደርሶ ማስለወጥ እንደሚቻል የቅርብ ምሳሌ አለን። ሁለቱን ከተሞች በዩኒቨርሲቲ ጎዳና የሚያገናኘው አረንጓዴ የተባለው የቀላል ባቡር መሥመር ሲታቀድ፣ በጎዳናው ምሥራቃዊ ክፍል፣ ድሆችና ስደተኞች በሚበዙበት፣ ማቆሚያዎቹ እጅግ ተራርቀው ነበር። ምክንያቱ ያው የሒሳብ ቀመር ነው፤ ፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው በጉዞ ጊዜ ቁጠባ መዝኖ ስለ ነበር፣ እያንዳንዱ ማቆሚያ እንደ ጉዳት ይቆጠር ነበር። የሠፈር ማኅበራት ተባብረው ቀመሩን ራሱን ተከራከሩ። በ2010 መመዘኛው ሲሻሻል በዌስተርን፣ በቪክቶሪያና በሃምሊን ሦስት ማቆሚያዎች ተጨመሩ፤ ባቡሩ በ2014 ሥራ ሲጀምር በሦስቱም ይቆም ነበር። ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ የሮንዶ ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ።

በ94 ላይም ክርክሩ እንደገና ተከፍቷል። የግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በ2023 አሥር አማራጮችን ይፋ ሲያደርግ፣ ፈጣኑን መንገድ በተራ ጎዳና መተካት የሚሉ ከመካከላቸው ነበሩ። በሮንዶ ጉድጓድ ላይ ሰፊ የመሬት ድልድይ ሠርቶ ሁለቱን ወገን መልሶ ለማገናኘት የሚጥር የነዋሪዎች ድርጅትም አለ።

በኮሎምቢያ ሃይትስና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ አዲስ አበባ የምንናገረውን ያህል ስለምንኖርበት ጎዳና አንናገርም። ሴንትራል ጎዳና 65 ቁጥር የግዛቱ አውራ ጎዳና ነው። በሚኒሶታ ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ መንገድ ሲሰፋ፣ መግቢያ መውጫው ሲለወጥ ወይም ለእርሱ መሬት ሲወሰድ፣ መሥሪያ ቤቱ ንድፉን ለከተማው ምክር ቤት አቅርቦ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ምክር ቤቱም የሕዝብ ስብሰባ መጥራት ግዴታው ነው። በካውንቲ አውራ ጎዳናዎችም ከተማው በንድፉ ላይ ቃሉን የሚሰጥበት ሥርዓት አለ። የስብሰባው ማስታወቂያ አስቀድሞ ይወጣል፤ ዜግነት ያላገኘ ነዋሪም ሊናገር ይችላል። ከስብሰባው በኋላ ምክር ቤቱ በዘጠና ቀን ውስጥ እሺም እምቢም ሳይል ቢቀር፣ ሕጉ ንድፉን እንደ ጸደቀ ይቆጥረዋል።