ዘጠና ስምንት ፍሬ ቡናና ሁለት ቁልፍ

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ የኪንደርጋርተን ክፍል ልጆቹ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ የያዙትን ፌስታል ለመምህርታቸው ለማሳየት ይሻማሉ። ትምህርት ከተጀመረ ዛሬ መቶኛው ቀን ነው። ሁሉም ከቤቱ መቶ ነገር ቆጥሮ እንዲመጣ ተነግሮታል። አንዷ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንዱ ማካሮኒ፣ ሌላዋ ዝርዝር ሳንቲም ይዛለች። ኦቾሎኒ አይገባም፤ የማይስማማቸው ልጆች አሉ። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ያመጣው ጥሬ ቡና ነው፤ አያቱ ለመቁላት ካስቀመጡት ላይ የተቆጠረ።

በአሜሪካ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይህ ቀን እንደ ትንሽ በዓል ይከበራል። የትምህርት ዘመኑ ብዙውን ጊዜ 180 ቀን ስለሆነ መቶኛው ቀን የሚውለው በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ወይም አጋማሽ ላይ ነው። በረዶ ጥሎ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ደግሞ ወደፊት ይገፋል። መምህርቷ ይህን መገፋት ትወደዋለች። ልጆቹ ከበረዶው በኋላ ሲመለሱ “ትላንት ለምን አልተቆጠረም?” ብለው ይጠይቃሉ። መቁጠር ከመጀመር በፊት ምን እንደሚቆጠር መወሰን እንዳለበት የሚገባቸው ያኔ ነው፤ የሚቆጠረው ክፍል ውስጥ የተዋለበት ቀን ብቻ ነው።

ግድግዳው ላይ ሦስት ኪሶች ተሰቅለዋል፤ የአንድ ቤት፣ የአስር ቤት፣ የመቶ ቤት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ተረኛው ልጅ አንድ ስትሮ በአንድ ቤት ኪስ ውስጥ ይከታል። አስር ሲሞላ በላስቲክ ይታሰርና ወደ አስር ቤት ይዛወራል። ለወራት ባዶውን የከረመው የመቶ ቤት ነው። ዛሬ አስሩ እስሮች ወጥተው በአንድ ወፍራም ላስቲክ ሲታሰሩ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ዘለው የማይጠግቡ ሃያ ሕፃናት ጸጥ ሲሉ ማየት ብርቅ ነው።

በብዙ ትምህርት ቤቶች ልጆች በዚህ ቀን የመቶ ዓመት ሽማግሌና አሮጊት መስለው ይመጣሉ። ነጭ ጸጉር ያለው ዊግ፣ ምርኩዝ፣ የአያት መነጽር። ፎቶው ያምራል፤ ስለ መቶ ግን የሚነግራቸው ነገር የለም። የዚህች መምህርት ክፍል ይህን ትቶ ጊዜውን ሁሉ ለፌስታሉ ይሰጣል።

እሷም ወደዚህ ልማድ የደረሰችው ከስህተቷ ተምራ ነው። በሥራዋ የመጀመሪያ ዓመታት መቶው ነገር በካርቶን ላይ ተለጥፎ እንዲመጣ ታዝ ነበር። ካርቶኖቹ እጅግ ያማሩ ነበሩ፤ ረድፋቸው ቀጥ ያለ፣ ሙጫቸው የማይታይ። አንዲት ልጅ ካርቶኗ ላይ ስንት እንዳለ ስትጠየቅ “እማዬ ታውቃለች” አለች። ከዚያ ወዲህ ሙጫም ካርቶንም ቀረ፤ ዕቃው በፌስታል እንዳለ ይመጣና ልጁ ራሱ ክፍል ውስጥ ይቆጥረዋል።

ጠረጴዛው ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ አስር የወረቀት ኩባያ ተደርድሯል። ባለቡናው ልጅ ከንፈሩን ነክሶ በየኩባያው አስር አስር ፍሬ ይጥላል። አስረኛው ኩባያ ላይ ሲደርስ ፌስታሉ አለቀ። ኩባያውን አየና “ስምንት ነው። ሁለት ይጎድላል” አለ።

መምህርቷ በማስታወሻዋ የጻፈችው ይህን ነው። በመስከረም ቢሆን ይህ ልጅ ከአንድ ጀምሮ እንደገና ይቆጥር ነበር። ዛሬ ዘጠኙን ሙሉ ኩባያ ዞር ብሎም አላያቸውም፤ አምኗቸዋል። ሜሪላንድ የምትከተለው የሒሳብ መመዘኛ የኪንደርጋርተን ልጅ እስከ 100 በአንድ በአንድም በአስር በአስርም እንዲቆጥር ይጠይቃል። በቃል መቁጠር ግን አንድ ነገር ነው፤ ሁለት እንደሚጎድል በዓይን ማወቅ ሌላ።

ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ 102 ቁልፍ ነበራት። የተረፋትን ሁለቱን አንስታ የቡናው ኩባያ ውስጥ ጣለችለት። ክርክር ተነሣ፤ ቡናና ቁልፍ አብሮ ይቆጠራል? “ቡና አይደለም!” አለ አንዱ። “ግን መቶ ነው!” አለች ሌላዋ። ሮሼል ጌልማንና ራንዲ ጋሊስትል እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ሕፃናት ሲቆጥሩ የሚመሩባቸውን አምስት መርሆዎች ዘርዝረዋል። አንዱ የማይመሳሰሉ ነገሮች በአንድነት ሊቆጠሩ እንደሚችሉ ነው። መምህርቷ መልሱን አልነገረቻቸውም። ክርክሩን እስከ ምሳ ተወችው።

ከሰዓት በኋላ አያቱ ሊወስዱት ሲመጡ መምህርቷ በአማርኛ ጠየቀቻቸው። “እማማ፣ ቡናውን የቆጠሩት እርስዎ ነዎት ወይስ እሱ?”

“እሱ ነው እንጂ የኔ ልጅ። እኔ ሰፌዱን ብቻ ያዝኩለት። አስር አስሩን እየከመረ ‘አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት’ ሲል አመሸ።”

ይህ “አስራ አንድ” ቀላል ነገር አይደለም። በእንግሊዝኛ “ኢለቨን” እና “ትዌልቭ” ውስጥ አስር አይሰማም። “ፎርቲን” ሲባል ደግሞ አራቱ ይቀድማል፤ ስለዚህ 14 ጻፍ ሲባል 41 የሚጽፍ ልጅ በየዓመቱ አለ። “ትዌንቲ ናይን” ካለ በኋላ “ትዌንቲ ቴን” የሚልም አይጠፋም። አማርኛ አስሩን አስቀድሞ ይናገራል፤ አስራ አራት። በግዕዝ አኀዝም ፲፬ ተብሎ የሚጻፈው ልክ እንደሚነገረው ነው፤ አስር፣ ከዚያ አራት። አርባ ውስጥ አራት፣ ሰባ ውስጥ ሰባት ይሰማል፤ አስቸጋሪዎቹ ሃያና ሠላሳ ናቸው። በአማርኛ ሲቆጥሩ ልጁ እንግሊዝኛ ይምታታበታል ብለው የሚሰጉ ወላጆች አሉ። መምህርቷ የምትመክራቸው ተቃራኒውን ነው፤ ደረጃ ሲወጡ፣ እንጀራ ሲያወጡ፣ ሽምብራ ሲለቅሙ በአማርኛ ይቁጠሩ። እሷ ራሷ አዲስ አበባ ውስጥ መደመር የተማረችው በቆርኪና በጠጠር ነው። ዛሬም ከመሳቢያዋ አንድ ከረጢት ቆርኪ አይጠፋም።

በማግስቱ ተረኛዋ አንድ ስትሮ ይዛ ወደ ግድግዳው ሄደች። የመቶ ቤት ውስጥ ትልቁ እስር ቆሟል። አዲሱን ስትሮ በአንድ ቤት ከተተችና መሐል ያለውን ኪስ በጣቷ ከፍታ ወደ ውስጥ አየች።

“ቲቸር፣ እዚህ ምንም የለም።”

“ታዲያ ቁጥሩን ስንጽፍ እዚያ ቦታ ላይ ምን እናድርግ?” አለች መምህርቷ፣ ጠመኔውን እያቀበለቻት።