አሮጌ ጓዳን ወደ መታጠቢያ ቤት ስለ መለወጥ

ንጽሕና የጤና መሠረት ነው። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ መታጠቢያ ለማዘጋጀት የሚደክም ሰው ሁሉ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ለሌላ አገልግሎት የተሠራ ክፍል ያለ ጥንቃቄ ሲለወጥ፥ ለጤና የታሰበው ነገር የሞት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

በአዲስ አበባ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲሠሩ መታጠቢያ ክፍል አልነበራቸውም። በኋላ የቧንቧ ውሃ ሲገባ፥ ባለቤቶቹ ጓዳውን ወይም የደረጃውን ሥር በጣውላ ጋርደው መታጠቢያ አደረጉት። እንዲህ ያለው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ጠባብና መስኮት የሌለው ነው።

በአንድ የክረምት ማታ ወደ እንዲህ ያለ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። አንዲት እናት ሕፃንዋን ከደረጃ ሥር በተሠራው ክፍል ስታጥብ፥ ብርዱን ለመከላከል የከሰል ማንደጃ አስገብታ በሩን ዘግታ ነበር። ታላቂቱ ልጅ ደጋግማ ተጣርታ መልስ ስላጣች በሩን ከፈተችው፤ እናቲቱም ወድቃ፥ ሕፃኑም ዝሎ ተገኙ። ሁለቱም በሕይወት የተረፉት በሩ መቀርቀሪያ ስላልነበረው ነው።

ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ኦክስጅንን በሚሸከመው የደም ክፍል ላይ፥ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል፤ ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ ኦክስጅን ያጣል። ምልክቱ ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው። «ጭሱ ወጥቶለታል፥ ፍሙ አይጎዳም» ማለት ታላቅ ስሕተት ነው፤ የቀላ ፍምም ይገድላል። ምልክቱ የታየበትን ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል።

ከዚህም በቀር የሚከተሉትን መጠበቅ ያስፈልጋል፤

1ኛ/ እርጥብ ቆዳ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያስተላልፋል፤ የ220 ቮልት ኃይልም ሰውን ለመግደል ይበቃል። ሶኬት ከመታጠቢያው ይራቅ፤ የውሃ ማሞቂያው የመሬት ሽቦ ይኑረው። በባልዲ ውስጥ የሚከተት ማሞቂያ ሳይነቀል ውሃውን በእጅ መሞከር ክልክል ነው።

2ኛ/ 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ይመዝናል፤ ገንዳውና ታጣቢው ሲጨመሩ ክብደቱ ከዚህ ይበልጣል። አሮጌ የጣውላ ወለል ለዚህ አልተሠራም። የሚንጠባጠብ ውሃም ወጋግራውንና የጭቃውን ግድግዳ ከሥር ያበሰብሳል፤ በላዩ ሲሚንቶ መለሰንም ብስባሹን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ወለሉ ሲረገጥ የሚለምጥ ከሆነ አናጢ ይመርምረው።

3ኛ/ በፍሳሽ ቧንቧው ጉብጠት ውስጥ የሚቀረው ውሃ የጉድጓዱን መጥፎ አየር ያግዳል። ብዙ ቀን ካልተሠራበት ይደርቃልና ውሃ ይፍሰስበት።

4ኛ/ የፍሳሹ ጉድጓድ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

5ኛ/ ክፍሉ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ይኑረው። መስኮት ቢኖረውም ከሰል ከቶ አይግባበት።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው፥ ተማሪዎችም ለወላጆቻቸው ቢያስረዱ፥ ከክረምቱ ብርድ በፊት ብዙ ነፍስ ለማዳን ይቻላል።