ጢስ ዓባይ፦ አንድ ውሃ፣ ሁለት ገበያ

የአንድ ብር ኖት ቆጥሮ የማያውቅ የድሮ ነጋዴ የለም። ያ ኖት በጀርባው የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ይዞ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል። በ2002 ዓ.ም. በኖቱ ምትክ የአንድ ብር ሳንቲም ሲወጣ ፏፏቴው ከኪሳችን ወጣ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ተመርቆ ሥራ ሲጀምር ደግሞ የፏፏቴው ውሃ ዋናው ድርሻ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። ዛሬ የገበያ ገጻችን የሚመለከተው ይህንኑ ውሃ ነው። ምክንያቱም ውሃው የሚሸጠው በሁለት ገበያ ሲሆን፣ አንደኛው ገበያ የዋጋ ተመንና የሥራ ሰዓት አለው፤ ሁለተኛው ግን የለውም።

መንገዱ

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የጤፍና የበቆሎ ማሳ እያቋረጡ ከትንሿ ከተማ ሲደርሱ ቲኬት ይቆረጣል፣ አስጎብኚ ይያዛል፣ ከዚያ በእግር ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው፣ ሰው ሁሉ «የፖርቹጋል ድልድይ» የሚለው የድንጋይ ድልድይ በቅድሚያ ይገኛል። ድልድዩን ተሻግረው በመንደሩ መካከል ጥቂት ሲወጡ ፏፏቴው ፊት ለፊት ይታያል። ጎልማሳም ሆነ ሕፃን የሚችለው መንገድ ነው፤ የሚያስቸግረው በክረምት ጭቃው ብቻ ነው። ሲመለሱ የተንጠለጠለውን የእግረኛ ድልድይ አልፈው ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ መሻገር ይቻላል።

ይህ አጭር መንገድ ራሱ ገበያ ነው። አስጎብኚው፣ ቡና አፍይዋ፣ ነጠላና ቅል ሻጯ፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ ሁሉም የሚኖሩት መንገዱን ተከትሎ ከሚያልፈው ሰው ኪስ ነው። ሁሉም ደንበኛ የሚጠሩት ግን በእጃቸው በሌለ ዕቃ ነው። ዕቃው ውሃው ነው፤ የውሃው ቁልፍ ደግሞ ከጣና ሐይቅ መውጫ ላይ ነው።

ቁልፉ የት ነው?

ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል ይባልለታል። በእግሩ ሥር ኃይል ማመንጨት የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። የመጀመሪያው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ሲጀምር 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ስለነበር ጎብኚው ልዩነቱን እምብዛም አላየውም። ከዚያ በ1996 (እ.ኤ.አ.) በጨረጨራ የጣናን መውጫ የሚቆጣጠር በር ተሠራ፤ በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጣቢያ ተጨመረ። በበጋ ውሃው ከገደሉ በላይ ወደ ቦይ ይገባ ጀመር፤ ከፏፏቴው የቀረው ቀጭን ጅረት ሆነ።

ጣና በለስ ሲመጣ ሒሳቡ ተለወጠ። 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ይህ ጣቢያ ውሃውን በቀጥታ ከሐይቁ ወስዶ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይጥላል። ጢስ ዓባይ ላይ 40 ከምናምን ሜትር የሚወድቀው ውሃ በለስ ላይ ከ300 ሜትር በላይ ይወድቃል። አንድ ዓይነት ውሃ በለስ ላይ ስድስትና ሰባት እጥፍ ኃይል ይሰጣል ማለት ነው። ነጋዴ ቢሆን ማንም ዕቃውን ወደሚያዋጣው ገበያ ይወስዳል፤ መንግሥትም ያደረገው ይህንኑ ነው። በዚህ የሚወቀስ የለም። ጥያቄው ሁሉም ውሃ፣ ሁልጊዜ፣ ለአንድ ገበያ ብቻ ይዋል ወይ የሚል ነው።

ሒሳቡን እናውጣ

አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በለስ ላይ ወርዶ በግምት 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል። ቅዳሜና እሑድ ለ6 ሰዓት በሰከንድ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ለፏፏቴው ቢለቀቅ ለጣቢያው የሚጎድልበት በቀን 150 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይህ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ በእነዚያ ሰዓታት ከሚያመነጨው 6 ከመቶ ያህሉ ነው። አንባቢ በታሪፉ አባዝቶ የዕይታውን ዋጋ በብር ማወቅ ይችላል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በለስም ዞሮ ዞሮ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ሁለቱም የሚገቡት ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ነው። ስለዚህ ከጢስ ዓባይ ላይ የወደቀው ውሃ ባክኖ አይቀርም፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው ግድብ ላይ እንደገና ተርባይን ያዞራል። የሚቀርበት የበለሱ ቁልቁለት ብቻ ነው። በበለስ ሸለቆ ለመስኖ የሚፈለገው ውሃም መቆጠር አለበት፤ ቢሆንም የጥቂት ሰዓቱ መጠን ከዚህ ጋር የሚያጣላ አይመስልም።

ሌሎች እንዴት አደረጉ?

ይህ ጭቅጭቅ በእኛ አልተጀመረም። አሜሪካና ካናዳ ናያግራን ለኃይልና ለቱሪስት ያካፈሉት በ1950 (እ.ኤ.አ.) በተፈራረሙት ውል ነው። በጎብኚ ወቅት በቀን ቢያንስ በሰከንድ 2,832 ሜትር ኩብ ውሃ ከፏፏቴው ላይ እንዲፈስ ተወሰነ፤ በሌሊትና በክረምታቸው ግማሹ ይበቃል ተባለ። ቀሪው ለጣቢያዎቹ ነው። በዚያ የሆቴል ባለቤት በሰኔ ቅዳሜ ጠዋት ስንት ውሃ እንደሚወድቅ ያውቃል፤ አልጋውን የሚሸጠውም በዚያ እምነት ነው።

ለባለሀብቱ

በጢስ ዓባይ ሎጅ ወይም ምግብ ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሰው መሬቱንና የብድር ወለዱን ከመጠየቁ በፊት የውሃውን ሰዓት ይጠይቅ። አሁን ባለው ሁኔታ አስተማማኙ ገበያ ከክረምት እስከ ጥቅምት ነው። በሦስት ወር ገቢ ዓመቱን የሚችል ሥራ ከሆነ ይግባ፤ ካልሆነ አይግባ። በሩ ሲከፈት ውሃው ፏፏቴው ጋ ለመድረስ ሰዓታት ስለሚወስድበት «ስትመጡ እንለቃለን» የሚል የቃል ተስፋ ዋጋ የለውም። የሚያስፈልገው በጽሑፍ የወጣ፣ በባሕር ዳር ሆቴሎች ሁሉ የሚለጠፍ የመልቀቂያ ሰሌዳ ነው።

ሌላም ሥጋት አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት የባሕር ዳርን ቱሪዝም ክፉኛ ጎድቷል። ለመሄድ ያሰበም ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ያጣራ። ሰላም የጢስ ዓባይ ነጋዴ በእጁ ሊያመጣው የሚችል ነገር አይደለም። የውሃው ሰሌዳ ግን ሲሚንቶም የውጭ ምንዛሪም አይፈልግም፤ የሚፈልገው ፊርማ ነው። ሰላም ሲወርድና እንግዳው ሲመለስ ሰሌዳው ተዘጋጅቶ ቢጠብቀው፣ ቡና አፍይዋም ረከቦቷን በየትኛው ቀን እንደምትዘረጋ ታውቃለች።