የተኛ ሰው ብርታት ከጠያቂው ይጀምራል

ቦሬ ከአዲስ አበባ 385 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጉጂ ደጋ ላይ የተቀመጠች፣ ጉምና ብርድ የማይለያት ከተማ ናት። ከሐዋሳ በሐገረ ሰላም በኩል የሚመጣው መንገድ ቦሬን አልፎ አዶላን ያገኛል፤ ከዚያም ወደ ነጌሌ ቦረና ቆላ ይወርዳል። ይህ መንገድ የሕመምተኞችም መንገድ ነው። በጤና ጣቢያ ያልተቻለው ወደ ቦሬ፣ ወደ አዶላ ወይም ወደ ነጌሌ ሆስፒታል ይላካል፤ እዚያም ያልተቻለው «ሪፈር» ተጽፎለት እስከ ሐዋሳ ይዘልቃል። እያንዳንዱ ሪፈር ታማሚውን ወደ ተሻለ ሕክምና ያቀርበዋል፤ ከሚያውቀው ሰው ግን ያርቀዋል።

ታዲያ አልጋ የያዘ ሰው መንፈሱ ሳይሰበር የሚቆየው በምንድን ነው? ከአብዛኞቻችን አፍ ቀድሞ የሚወጣው መልስ «አይዞህ፣ በርታ» የሚል ነው። ቃሉ መልካም ነው፤ ሥራውን ሁሉ ግን በታማሚው ላይ ይጥላል። እኔ የማምነው ብርታት በብዛት ከአልጋው ውጭ እንደሚሠራ ነው። ጠያቂዎች ጊዜያቸውን፣ ጉልበታቸውንና ገንዘባቸውን ተከፋፍለው ሲያመጡ ታማሚው ተስፋ የሚያደርግበት ምክንያት ያገኛል። ይህ ለምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ ቀስ ብለን እንየው።

አልጋ መያዝ ምን ይወስዳል?

ሰው ሆስፒታል ሲተኛ ሕመሙ ብቻውን አይመጣበትም። ትናንት ቤቱን ያዝዝ የነበረ ሰው ዛሬ መቼ እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚወጣ ሌላ ሰው ይነግረዋል። ሐኪሙ ጠዋት ዙር ሲያደርግ የሚናገረው ቃል ግማሹ አይገባውም፤ ለመጠየቅም ይፈራል። ሌሊቱ ይረዝማል፤ የጎረቤት አልጋ ማቃሰት ያስደነግጠዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ጥሎት የመጣው ቤት ነው። የቦሬ ገበሬ ገብሱ ሳይሰበሰብ ዝናብ እንዳይመታበት ያስባል። ከነጌሌ ወይም ከሊበን የመጣ አርብቶ አደር በቦና፣ ማለትም በረጅሙ ደረቅ ወቅት፣ ቢተኛ ከብቶቹን ማን ወደ ውኃ እንደሚነዳቸው፣ የደከመችውን ላም ማን እንደሚደግፋት ሲያሰላ ያድራል። እናት ከሆነች ልጆቿ በልተው ይሆን ትላለች። እንዲህ ላለ ሰው «ሐሳብህን ጣለው» ማለት አይረዳውም። ሐሳቡን ሊጥል የሚችለው ሌላ ሰው ሲያነሣለት ነው።

በአገራችን የሆስፒታል አሠራር ውስጥ ደግሞ አስታማሚ ትልቅ ቦታ አለው። ምግብ የሚያቀርበው፣ ልብስ የሚያጥበው፣ ታማሚውን ወደ መጸዳጃ ቤት የሚደግፈው፣ መድኃኒት ከሆስፒታሉ ሲታጣ ማዘዣ ይዞ ውጭ የሚሯሯጠው፣ ደም ሲያስፈልግ ለጋሽ የሚፈልገው በብዛት እሱ ነው። ነርሶቹ ቢተጉም ይህን ሁሉ ሊያደርሱ አይችሉም። ስለዚህ ሰው ያለውና ሰው የሌለው ታማሚ በአንድ ክፍል ተኝተው የሚያገኙት እንክብካቤ እኩል አይሆንም።

ጥናት ምን ይላል?

የሰው መኖር ለጤና ያለውን ዋጋ ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል፤ ተመራማሪዎችም መዝነውታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ሰፊ ትንተና 148 ጥናቶችንና ከ308 ሺህ በላይ ሰዎችን አካትቶ ነበር። ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቶቹ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ50 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ወደ ሆስፒታል ክፍል የሚያቀርበን ሌላ ጥናት በጣልያን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ነው። በአንድ የልብ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የጠያቂ ሰዓት ለተወሰነ ጊዜ ሲጠብብ፣ ለተወሰነ ጊዜ ሲፈታ ቆይቶ 226 ታማሚዎች ተነጻጸሩ። ጠያቂ በነጻነት ሲገባ በክፍሉ ውስጥ የሚገኙት ተሕዋስያን በዙ፤ የታማሚዎቹ ኢንፌክሽን ግን አልጨመረም። ጭንቀታቸው ቀነሰ፤ ከባድ የልብና የደም ሥር ችግርም ሰዓቱ ጠብቦ ከነበረበት ጊዜ ያነሰ ነበር። ይህ ማለት ሁሉም ክፍል ለሁሉም ሰው ይከፈት ማለት አይደለም፤ ጥናቱ የአንድ ክፍል ብቻ ነው። ሆኖም ጠያቂን እንደ ረብሻ ብቻ ማየት ስሕተት መሆኑን ያሳያል።

ሦስተኛው ጥናት «በርታ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ እንድንጠቀምበት ያስገድደናል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ይህ ጥናት የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር የያዛቸውን 1,093 ታማሚዎች ተከታትሎ ነበር። የስሜታቸው መልካምነት ዕድሜያቸውን ሲያረዝም አልታየም። ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ ዜና አይደለም፤ እንዲያውም ከታማሚው ላይ ሸክም ያወርዳል። ያለቀሰ፣ የፈራ፣ «ደከመኝ» ያለ ሰው በሽታውን አላባባሰውም። የደስታ ፊት የማሳየት ግዴታም የለበትም።

ጥናቶቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው መልእክታቸው ይገጥማል። አብሮ የሚሆን ሰው ይጠቅማል፤ በትእዛዝ የመጣ ፈገግታ ግን መድኃኒት አይሆንም። ሰው የሚጠቅመውም በአስማት አይደለም። ታማሚው መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል፤ ይበላል፤ ተደግፎ ይራመዳል፤ የሚያስፈራ ምልክት ሲታይ ነርስ የሚጠራለት ያገኛል፤ ፍርሃቱ ሲቀንስም እንቅልፍ ይወስደዋል።

በአገራችን የተሠራበት

ታማሚን በሰው መደገፍን ሥርዓት አድርገው የያዙ ቦታዎች በአገራችን አሉ። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 የእናቶች ማቆያ ከፍቷል። የመውለጃ ጊዜያቸው የተቃረበ፣ ችግር ይገጥማቸዋል ተብለው የተሠጉ ሴቶች ከሩቅ መጥተው ሆስፒታሉ አጠገብ ይሰነብታሉ። የ22 ዓመት መዝገብ ሲመረመር፣ በማቆያው ካለፉት እናቶች ሕይወታቸው ያለፈው ከ100 ሺህ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 90 ያህል ሲሆን፣ በቀጥታ ከመጡት ግን ከ1,300 በላይ ነበር። ልዩነቱን በዋናነት ያመጣው ለሐኪም መቅረብ ነው፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ካስጨነቃቸው በኋላ የደረሱ ናቸው። ነገር ግን አንዲት እናት ለሳምንታት ከቤቷ ርቃ መቆየት የምትችለው እንዴት ነው? ልጆቿን የሚይዝ፣ ላሟን የሚያልብ፣ ስንቅ የሚያቀብል ሰው ሲኖራት ነው። ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ባሉት ማቆያዎች የአካባቢው ሕዝብ እህል ያዋጣል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ ቡና ይፈላል። ይህ መዋጮ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ፣ በተራዘመ ምጥ የሚመጣውንና ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣውን የፊስቱላ ሕመም የሚያክመው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅ ሐምሊን የመሠረቱት ይህ ሆስፒታል የዳኑ ሴቶችን በነርስ ረዳትነት ያሠራል። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ወደ ሐምሊኖች ለሕክምና የመጡ ታማሚ ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር ሥራ ጀምረው፣ መደበኛ የሕክምና ትምህርት ሳይማሩ፣ የተመሰከረላቸው የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ለመሆን በቁ። በኀፍረትና በብቸኝነት የምትመጣ ሴት ያንኑ ሕመም ታማ የዳነች ሴት አልጋዋን ስታነጥፍላት ስታይ፣ መዳን እንደሚቻል በዓይኗ ታየዋለች። የሆስፒታሉ ቅርንጫፍ በይርጋለምም ስላለ የደቡብ ሴቶች አዲስ አበባ ድረስ ለመጓዝ አይገደዱም። ለጠያቂም እዚህ ትምህርት አለ፤ በዚያው ሕመም አልፎ የዳነ ሰው በሰፈራችሁ ካለ ይዛችሁት ሂዱ።

ጥየቃችን የሚጎድለው

እኛ ሕመምተኛ ለመጠየቅ ሰነፎች አይደለንም። በደቡብ ቆላና ደጋ ከተሞች ሰው ታመመ ሲባል የእድሩም፣ የቤተ ክርስቲያኑም፣ የመስጊዱም ሰው ይወጣል። «እግዜር ይማርህ» የሚለው፣ «አላህ ያሽርህ» የሚለው፣ በኦሮምኛ «ዋቂ ሲ ሃ ፈይሱ» ብሎ የሚመርቀው ሁሉ ከልቡ ነው። ችግሩ ከአመጣጣችን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሠላሳ ሰው አልጋውን ይከብባል፤ በሁለተኛው ሳምንት አስታማሚዋ ብቻዋን ትቀራለች። ታማሚው የሚሰለቸውና ገንዘቡ የሚያልቅበት ግን በዚያው በሁለተኛው ሳምንት ነው።

የምናመጣውና የምንናገረውም ይታሰብበት። የስኳር ሕመምተኛ አልጋ ሥር የተደረደረ ለስላሳ መጠጥ ይጎዳዋል። ለቀዶ ሕክምና እንዲጾም ለታዘዘ ሰው «ትንሽ ቅመስ» ማለት ቀዶውን ሊያስተላልፍበት፣ ሕይወቱንም ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ያልፈላ ወተት በቆላው ልማድ የተወደደ ቢሆንም እንደ ብሩሴሎሲስ ያለ በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ለታማሚ የሚቀርበው ሁልጊዜ የፈላው ይሁን። «እከሌም በዚሁ በሽታ ነበር የሞተው» የሚል ወሬ ደግሞ ጠያቂው ከወጣ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ አብሮ ያድራል።

ከሁሉ የተዘነጋችው አስታማሚዋ ናት። መሬት ላይ ጋቢ አንጥፋ የምታድረው፣ ከታማሚው የተረፈውን የምትበላው እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ የአሜሪካ ጥናት የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ዘመዶቻቸውን የሚያስታምሙ ሴቶች በክንዳቸው ላይ የተደረገች አንዲት ትንሽ ቁስል ለመዳን ከሌሎች ሴቶች 9 ቀን ያህል የበለጠ ወስዳባቸዋለች። ማስታመም በራሱ ሰውነትን ያደክማል ማለት ነው። አስታማሚዋ ስትወድቅ ታማሚው ሁለት ጊዜ ይታመማል።

ቡሳ ጎኖፋን ወደ አልጋ ዳር

ለዚህ መፍትሔ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ቦረናና ጉጂ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው ተሰብስቦ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት አላቸው። የዚህ ሥርዓት ጥንካሬ ማን ምን እንደሚሰጥ በጉባኤ መወሰኑ ነው፤ ሸክሙ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል፤ ተረጂውም ደጅ አይጠናም። የሆስፒታል ጥየቃንም በዚሁ መንገድ ማደራጀት ይቻላል።

በመጀመሪያ አንድ አስተባባሪ ይመረጥ። እሱ ከአስታማሚዋ ጋር ተነጋግሮ የሚያስፈልገውን ይጠይቅ፤ ቀናቱን ለሰዎች ያከፋፍል፤ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ሳምንት የሚሆን ሰው ከወዲሁ ያስቀር። ወደ ክፍሉ የሚገባው ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ቢሆን፣ እጁን ታጥቦ ቢገባ፣ ጉንፋን የያዘውም ቤቱ ቢቀር ይበቃል። ሆስፒታል መድረስ የማይችለው ከብቱን ይንዳ፣ ልጆቹን ያብላ፣ ከዚያም ስልክ ደውሎ «ላሚቱ ወልዳለች፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄደዋል» ብሎ ይንገረው። እንዲህ ያለ ዜና ከብዙ ማጽናኛ ቃል ይበልጣል። ገንዘብ ለሚልክ ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ መንገዱን አቅልሎታል። አንዲት ሌሊት አስታማሚዋን ተክቶ የሚያድር ሰው ደግሞ ከሁሉ የላቀ ስጦታ ሰጥቷል። ከቆላ ወደ ቦሬ ብርድ ለመጡት ወፍራም ብርድ ልብስ ማምጣት አይዘንጋ።

ሐዋሳ የተላከው ታማሚ የተለየ ትኩረት ይሻል። ከዘመድ ርቋል፤ ብዙ ጊዜም ሐኪሙ የሚናገረውን ቋንቋ በደንብ አይሰማም። በዚያ የሚማሩ ወይም የሚሠሩ የጉጂና የቦረና ልጆች ተራ ገብተው በሐኪም ዙር ሰዓት ቢገኙና ቢያስተረጉሙ፣ ታማሚው የራሱን ሕመም ማወቅ ይጀምራል። በአጠገቡ ጠያቂ የሌለው የማያውቁት ሰው ካለም ሰላምታውና ገንፎው ይድረሰው።

ቀድሞ የሚደረግ ጥየቃም አለ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ቤተሰቦች በየዓመቱ መዋጮ ከፍለው ሲታመሙ የሚታከሙበት ነው። መክፈል የከበደውን ጎረቤት መዋጮ መሸፈን፣ ሰውየው ከመታመሙ በፊት የሕክምና ዕዳ ጭንቀትን ማንሣት ነው።

ታማሚውም የራሱ ድርሻ አለው፤ ድርሻው ግን ጀግና መሆን አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ጭንቀቱንም የደበቀ ረዳት አያገኝም። የሚያስፈልገውን በግልጽ ይናገር፤ ለሐኪሙ ዙር አንድ ጥያቄ ያዘጋጅ፤ ከተፈቀደለት በየቀኑ ጥቂት እርምጃ ይራመድ፤ ፀሐይ ስትወጣ ደጅ ይቀመጥ። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩ ታማሚዎች የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው እንደወጡና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ እንደቀነሱ አሳይቷል። የቦሬ አረንጓዴ ደጋ ይህን ስጦታ ያለ ክፍያ ይሰጣል።

ስለዚህ በቅርባችሁ አልጋ የያዘ ሰው ካለ ዛሬ ለአስታማሚዋ ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቤት ውስጥ የቀረ ሥራ ምንድን ነው? ማታ የሚተካሽ ሰው አለ? በሚመጣው ሳምንት ማን ይመጣል? መልሱን ይዛችሁ ሥራውን ተካፈሉ። «አይዞህ» የሚለው ቃል ያን ጊዜ ክብደት ያገኛል፤ ታማሚው ከኋላው የቆመውን ሰው ያውቃልና።