ከኩላሊት በላይ ላሉት ዕጢዎች የሚሰጥ መርፌ

በሁለቱ ኩላሊቶቻችን አናት ላይ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። በሽታንና ጉዳትን እንድንቋቋም የሚረዳ ሆርሞን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። ሥሩ ብሎ የሚያዛቸው ከአንጎል በታች ያለ ሌላ ዕጢ ነው። እሱም ትእዛዙን በደም የሚልከው በራሱ ሆርሞን ነው። ይህ አዛዥ ሆርሞን በመርፌም ይሰጣል። ሐኪሞች ጨቅላ ሕፃናትን ለሚይዝ አንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ ያዙታል።

ሲበዛ ግን የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ በሽታ የመከላከል ኃይልንም ያዳክማል። ከሰነበተ በኋላ ባንድ ጊዜ ቢቋረጥ ደግሞ የራሳችን አዛዥ ዕጢ ሥራ ፈትቶ ስለቆየ ሰውነት ይዝላል፤ ለሕይወትም ያሰጋል።

ስለዚህ ሐኪም ሳያዝ አናስወጋ፤ ሐኪም ሳይፈቅድም አናቋርጥ። መርፌውን የሚወስድ ልጅ ቢያተኩሰው ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ለገበያ መርፌ ወጊ ልጃችንን አንስጥ።