ሻምፒዮኑ ያልተጫወተበት ሜዳ

ከነፋስ መውጫ ተነስቶ በደብረ ታቦር በኩል ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ወረታ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። በቀኝ ጎንደር፣ በግራ ባሕር ዳር። የአካባቢው ወረዳዎች፣ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ፣ ወጣት የኳስ ፍቅርም እንደ መንገዱ መንታ ነው፤ አንዱ ለጎንደሩ ፋሲል ከነማ፣ ሌላው ለባሕር ዳር ከነማ ይጮኻል። የ2013 የውድድር ዘመን ግን የአፄዎቹ፣ የፋሲሎች፣ ነበር።

ዋንጫው በአንድ ጀንበር አልመጣም። በ2011 በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ የሚመራው ፋሲል በፕሪሚየር ሊጉ እስከ መጨረሻው ጨዋታ ታግሎ በአንድ ነጥብ ብቻ በመቐለ 70 እንደርታ ተቀደመ። ቁጭቱን በዚያው ዓመት የጥሎ ማለፉን ዋንጫ በማንሳት በመጠኑ አበረደው። በ2012 ኮሮና መጣና ውድድሩ ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። ቡድኑ እንደገና ከዜሮ ጀመረ።

በ2013 ሊጉ መልኩን ለወጠ። የቴሌቪዥን መብቱ ለዲኤስቲቪ ተሸጠ። በትግራዩ ጦርነት ምክንያት ሦስቱ የትግራይ ክለቦች ስላልተሳተፉ ውድድሩ በ13 ክለቦች ተካሄደ። ጨዋታዎቹም በተራ ወደ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተዘዋወሩ። በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ የሚመራው፣ ያሬድ ባየህን አምበል፣ ሙጂብ ቃሲምን አጥቂ ያደረገው ፋሲል በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ወሰደ። በጎንደሩ የፋሲለደስ ስታዲየም ግን አንድም የሊግ ጨዋታ አላደረገም። ሻምፒዮን የሆነው ከቤቱ ወጥቶ እንደከረመ ነው።

ይህን ነገር ቀላል አድርጎ የሚያየው ብዙ ነው፤ እኔ አላየውም። በሩቅ አገር ለማነጻጸር ያህል፣ በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚጫወቱት ፉትቦል ጉልበቱ ሁሉ ያለው በቤት ሜዳ ነው። አን አርበር የሚገኘው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከ100 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል፤ የጨዋታው ቀን ለከተማዋ ገበያም በዓልም ነው። ለእኛም ቢሆን ጨዋታ ማለት ከጥንትም የሰፈር ነገር ነው። ገናን ያየ ያውቀዋል፤ ሩሯ የምትለጋው በመንደር ሜዳ፣ አባትና እናት ቆመው እያዩ ነው። «ከነማ» የሚለው ስም ራሱ ክለቡ የከተማው ነዋሪዎች መሆኑን ይናገራል። ነዋሪው የማያየው ቡድን ግን ስሙ ብቻ ይቀራል። ከስማዳዋ ወገዳ ወይም ከእስቴዋ መካነ ኢየሱስ የተነሳ ደጋፊ ጎንደር ደርሶ ቡድኑን በዓይኑ ማየት ካልቻለ፣ የቀረው መብራት ካለ ዲኤስቲቪ ቤት፣ ከሌለም ሬዲዮ ነው።

የዚያ ዓመት ደስታም ለጋይንት አልሰነበተለትም። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ የጋይንቷ ነፋስ መውጫ ገባ። ከተማዋ ለቀናት በትግራይ ኃይሎች ተይዛ ቆየች፤ ሴቶች ተደፈሩ፣ ንብረት ተዘረፈ። ደብረ ታቦር በከባድ መሣሪያ ተመታች። ከዚያ በኋላ ወር ሳይቆይ፣ በመስከረም 2014፣ ፋሲል በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የሱዳኑን አል ሒላል ባሕር ዳር ላይ ገጠመ። 2 ለ 2 ወጣ። በመልሱም 1 ለ 1 ተለያይቶ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ጎል ብልጫ ተሰናበተ። ሳይሸነፍ መውደቅ ይሉታል ይሄን።

ከዚያ ወዲህ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች መሰባሰቡን ቀጠለ። ለቴሌቪዥን ቀረጻ ይመቻል፣ ለጸጥታም ያግዛል፣ የክለቦችን የጉዞ ወጪም ይቀንሳል የሚለው ክርክር አለ፤ ምክንያቱን አልንቅም። ዋጋውን የከፈለው ግን ደጋፊው ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ ጎንደርንና ባሕር ዳርን ከውድድሩ ካርታ ይበልጥ አራቃቸው።

የሊጉና የክለቡ አመራሮች ሆይ፣ ሰላም ወርዶ መንገዱ ሲከፈት ፋሲልን ወደ ፋሲለደስ ሜዳ መልሱት። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጅም ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ ቡድኑን በሜዳው ይይ።