ክሬዲት ካርድ በላስ ቬጋስ፦ ወጪው ከማን ኪስ ይወጣል?

ዊንቸስተር በፖስታ አድራሻዋ ላስ ቬጋስ ትባል እንጂ በከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ሥር አይደለችም፤ የምትተዳደረው በክላርክ ካውንቲ ነው። ግዙፉ የላስ ቬጋስ የስብሰባና የአውደ ርዕይ ማዕከል የሚገኘው በእርሷ ክልል ነው። ወደዚያ የሚመጣው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ካርድ እንጂ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። እንግዶቹን ከሚያመላልሱት የታክሲ አሽከርካሪዎች መካከል ደግሞ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል።

በላስ ቬጋስ ታክሲዎች በካርድ የሚከፍል ተሳፋሪ ለዓመታት ከጉዞው ሒሳብ በላይ 3 ዶላር እንዲጨምር ይደረግ ነበር። ለ15 ዶላር ጉዞ ይህ 20 በመቶ መሆኑ ነው። ካርድ መቀበል በእርግጥ ይህን ያህል ያስወጣል?

አያስወጣም። በአሜሪካ ነጋዴው በአብዛኛው የሚቆረጥበት ከሽያጩ ከ1.5 እስከ 3.5 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ምግብ ቤት የ100 ዶላር ሒሳብ በካርድ ተቀብሎ 2.5 በመቶ ቢቆረጥበት እጁ የሚገባው 97 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ከተቆረጠው ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ካርዱን ለደንበኛው የሰጠው ባንክ ነው። ቪዛና ማስተርካርድን የመሳሰሉት የመረቡ ባለቤቶች እንዲሁም ክፍያውን የሚያስተላልፈው ድርጅት ቀሪውን ይካፈላሉ። ደንበኛው የሚደሰትበት የአየር መንገድ ነጥብና ተመላሽ ገንዘብ በአመዛኙ የሚሸፈነውም ከዚሁ ነው።

በመቶኛው ላይ በየክፍያው ጥቂት ሳንቲሞች ስለሚታከሉ ጫናው የሚበረታው አነስተኛ ሽያጭ ላይ ነው። ቡና ብቻ የጠጣ ሰው ካርድ ሲመዝ ባለቤቱ ፊቱን ቢያጨፈግግ አይፈረድበትም። የፌዴራል ሕግም ነጋዴው በክሬዲት ካርድ ለመክፈል እስከ 10 ዶላር የሚደርስ ዝቅተኛ የግዢ መጠን እንዲወስን ይፈቅዳል። ትልልቆቹ ነጋዴዎች ደግሞ የመደራደር አቅም አላቸው፤ ኮስትኮ በአሜሪካ መደብሮቹ ከ2016 ወዲህ ከክሬዲት ካርዶች የሚቀበለው ቪዛን ብቻ ነው። የሰፈር ሱቅ እንዲህ ያለ ጉልበት የለውም።

በ2010 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ትልልቅ ባንኮች በዴቢት ካርድ ክፍያ ከነጋዴው የሚወስዱትን ገድቧል፤ ክሬዲት ካርድን ግን አልነካም። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ባወጣው ደንብ በግለሰብ ክሬዲት ካርድ ክፍያ ባንኩ የሚያገኘውን ድርሻ በ0.3 በመቶ ወስኖታል።

ለካርዱ ባለቤትስ? ሒሳቡን በወቅቱ ሙሉ በሙሉ ለሚከፍል ሰው ወለድ የለበትም። ካርዱ ቢሰረቅ በሕግ የሚጠየቀው ቢበዛ እስከ 50 ዶላር ነው፤ የዴቢት ካርድ ባለቤት ግን ለባንኩ ለማሳወቅ ከዘገየ ኪሳራው ከዚህ እጅግ ሊብስ ይችላል። በአንጻሩ ዕዳውን እያንከባለለ ለሚኖር፣ አማካይ ወለዱ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ሆኗል። ካሲኖ ውስጥ ባለ ማሽን ከክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጥበታል፣ ወለዱም ያለ እፎይታ ጊዜ ወዲያው መቁጠር ይጀምራል።

በቴሌብር የራሱን ገንዘብ መክፈል ለለመደ አዲስ መጤ በዱቤ መገበያየት እንግዳ ነገር ነው። ይሁንና ቤት ለመከራየትም ሆነ መኪና በብድር ለመግዛት የሚጠየቀው የብድር ታሪክ በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚህ ካርድ ነው። ለዓመታት ዕቁብ ሳያስተጓጉል የጣለ ሰው ታማኝነቱን ዕቁብተኞቹ ቢመሰክሩለትም፣ የብድር ታሪክ መዝጋቢዎቹ ዘንድ አይታወቅም። ባንኮች ለእንዲህ ያለው ሰው በመያዣ የሚሰጥ ካርድ አላቸው፦ ለምሳሌ 300 ዶላር አስይዞ እስከዚያው መጠን በዱቤ ይገዛል፣ በየወሩም ይከፍላል። ካርዱን ከመውሰዱ በፊት ግን ባንኩ የክፍያ ታሪኩን ለመዝጋቢዎቹ የሚያሳውቅ መሆኑን መጠየቅ ይኖርበታል፤ ሁሉም አያሳውቁምና።